የጎተራ አግዳሚ እንጨት አመራረጥና አቀማመጥ

በደባርቅም ሆነ በዳባት ደጋ ገብሱ ተወቅቶ ከአውድማ ወደ ጎተራ ከገባ በኋላ ብዙ ሰው ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ነገር ግን ከጎተራው ሥር ያሉት አግዳሚ እንጨቶች ከጎበጡ በጭቃና በእበት የተመረገው ግድግዳ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁም እርጥበት፣ ነቀዝና አይጥ ይገባሉ። እንጨቱ ሳይሰበር እህሉ ይበላሻል ማለት ነው። ስለዚህ አግዳሚ ሲመረጥ ‹‹ይሰበር ይሆን?›› ብቻ ሳይሆን ‹‹ይጎብጥ ይሆን?›› ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። 10 ኩንታል ገብስ 1,000 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ይህም ሸክም ሌትና ቀን አይወርድም።

አግዳሚ ሸክም ሲጫነው የላይኛው ጎኑ ይጨመቃል፣ የታችኛው ጎኑ ይለጠጣል፤ መካከሉ ግን ብዙም አይደክምም። ቀርከሃ ውስጡ ባዶ ሆኖ ሳለ ጠንካራ የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። የብረት አግዳሚም ከላይና ከታች ሰፊ፣ ከመካከል ቀጭን ሆኖ የሚሠራው ስለዚሁ ነው፤ ብረት በተፈጥሮው ከእንጨት 20 ጊዜ ያህል ግትር ቢሆንም ቅርጹ ችላ አይባልም። እንግዲህ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረትና 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጣውላ በጠርዙ ቢቆም፣ በጠፍጣፋ ጎኑ ተኝቶ ከሚጎብጠው ከ9 አንድ እጅ ብቻ ይጎብጣል። እንጨቱ ያው፣ ዋጋውም ያው!

አብዛኛው ሰው የሚጠቀመው ግን ድቡልቡል የባሕር ዛፍ ግንድ ነው። በዚህም ቢሆን ጥቂት ውፍረት ብዙ ትርፍ አለው፤ 12 ሳንቲ ሜትር የሆነ ግንድ 10 ሳንቲ ሜትር ከሆነው እጥፍ ያህል ግትር ነው። ሽማግሌዎች ወይራና ጽድ ይሻላሉ ይላሉ። ምስጥን በመቋቋም ረገድ እውነታቸውን ነው። ለግትርነት ከሆነ ግን ወይራው የባሕር ዛፉን እጥፍ ቢሆን እንኳ (ያን ያህልም አይሆንም) 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይተካዋል። የቀረውን ወይራና ጽድ ለጎተራ አግዳሚ ብሎ መቁረጥን እኔ አልመክርም።

ከሁሉ የሚበልጠው ርቀቱ ነው። በድጋፎቹ መካከል ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን ያው ሸክም 8 እጥፍ ያጎብጠዋል። ስለዚህ ወፍራም ግንድ ከመግዛታችሁ በፊት ከአግዳሚው መካከል አንድ ባላ አቁሙ። አይጥ እንዳይወጣበትም ባላውን ቆርቆሮ አልብሱት።

ግንዱን ልጣችሁ በጥላ ሥር አድርቁት። እርጥብ ግንድ ሸክም ከተጫነበት እየጎበጠ ይደርቃል፤ ሸክሙ ቢነሣም አይቃናም። ሲደረደርም የአንዱ ወፍራም ጫፍ ከሌላው ቀጭን ጫፍ ጎን ይሁን። ከመካከሉ በታች በኩል በመጥረቢያ አትቦርቡሩት፤ የሚለጠጠው በዚያ ነውና።

የልማት ሠራተኞች ይህን በገበሬው ፊት ማሳየት ይችላሉ። 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረትና 6 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ደረቅ ጣውላ በ2 ሜትር ርቀት በተቀመጡ ሁለት ድንጋዮች ላይ ይጋደም፤ ከመካከሉ 10 ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን ይንጠልጠል። ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ሲባጎ ተወጥሮ ጣውላው ምን ያህል እንደወረደ ይለካ። ቀጥሎ ጣውላው በጠርዙ ቆሞ ይለካ፤ በመጨረሻም እንደ መጀመሪያው ተጋድሞ ድንጋዮቹ ወደ 1 ሜትር ይቀራረቡ። ጣውላው በጠርዙ ሲቆም እንዳይገለበጥ በሁለቱም ጫፍ ግራና ቀኝ ችካል ይተከልለት።