የተሰበረው የራስ ቁር

ሐውልት ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ምንም ያልጐደለው፥ የተወለወለ ነገር ነው። ሪክ ከርቢ የተባለው እንግሊዛዊ ቀራጺ በ2002 (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው) ለሳተን ሁ የሠራው ግን ስብራቱን አልደበቀም። አንድ ጓደኛዬ ፎቶግራፉን አይቶ «ይኸ እኮ አላለቀም» አለኝ። እኔ አልተስማማሁም፤ ምክንያቴም የሚከተለው ነው።

ሳተን ሁ በሳፎክ የሚገኝ የመቃብር ስፍራ ነው። በ1939 ከአንዱ ጉብታ ሥር፥ ከነመርከቡ ከተቀበረው ሀብት መካከል፥ የ7ኛው መቶ ዓመት የአንግሎ ሳክሰን የራስ ቁር ተገኘ። ቁሩ የሰው ፊት አለው፤ ነገር ግን አንባቢ ሆይ፥ ልብ ብለህ ብታየው ቅንድቦቹ ክንፍ፥ አፍንጫው ገላ፥ ሪዙ ጅራት ሆነው ወደ ላይ የሚበር ፍጥረት ይወጣቸዋል። እንዴት ያለ አንጥረኛ ኖሯል!

ዳሩ ግን ሲገኝ ከ500 የሚበልጥ ስብርባሪ ነበር። ኸርበርት ማርዮን በ1945 እና በ1946 ገጣጠመው፤ ሊቃውንቱ በኋላ ስሕተት ስላገኙበት ናይጄል ዊልያምስ በ1970 እና በ1971 ፈታትቶ እንደገና ሠራው። ይኸው በብሪቲሽ ሙዚየም ይታያል።

ለከርቢ ሁለት አርአያ ቀርቦለት ነበር፤ አንዱ አዲስ ተሠርቶ የሚያብለጨልጨው ቅጂ፥ ሌላው ይህ ስብርባሪ። ስብርባሪውን መረጠ። በቀይ ብረት ሠሌዳዎች 1.8 ሜትር ቁመት፥ 900 ኪሎ ክብደት ያለው አስፈሪ ራስ አበጀ። የሚያብለጨልጨውን ቢከተል ኖሮ አላፊ አግዳሚው የሊቃውንቱን ግምት ከአንጥረኛው እጅ ሥራ በምን ይለየው ነበር? ማርዮንን ያህል ባለሙያ እንኳ ተሳስቷል።