የጓሮ ዶሮ አያያዝ በመርሳና በአካባቢዋ
ለዕርዳታና ለመልሶ ማቋቋም ሠራተኞች የቀረበ ማብራሪያ

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚያመራው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው መርሳ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ዙሪያዋ ማሽላና ጤፍ የሚበቅልበት፣ የበልጉም የክረምቱም ዝናብ በጉጉት የሚጠበቅበት አገር ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ በኋላም በ1977 ዓ.ም. የደረሰው ረኀብ ወሎን ክፉኛ እንደ ጎዳ ይታወሳል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና መተከል ለሠፈራ ሲጓጓዝ አብዛኛው የተነሣው ከወሎ ነበር። ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ጦርነቱ በአካባቢው አለፈ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ከወለጋ የተፈናቀሉ ወገኖች በዚሁ ወረዳ ጃራ በተባለው ሥፍራ በመጠለያ እንዲቆዩ ተደርጓል።

እንዲህ ያለ መከራ ሲመጣ ከቤተሰብ ሀብት ቀድሞ ወደ ገበያ ከሚወጣው አንዱ ዶሮ ነው። መከራው ሲያልፍም ቀድሞ ወደ ደጅ የሚመለሰው እርሱ ነው። በሬ ለመተካት ዓመታት የሚያስፈልገው ቤተሰብ ከጎረቤት አንዲት ቄብ ተቀብሎ ጫጩቱን ሊካፈል ይችላል። በመልሶ ማቋቋም ዕቅዶች ውስጥ ዶሮ ማደል ዘወትር የሚገኘውም ስለዚህ ነው። ይሁን እንጂ የታደሉት ዶሮዎች ከጥቂት ወራት በኋላ ቢፈለጉ ብዙ ጊዜ አይገኙም። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ዶሮዎቹ የት እንደሚጠፉና ጥፋቱን በደጃፍ እንክብካቤ እንዴት መቀነስ እንደሚቻል ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የመኖውን ሒሳብ መሥራት ያስፈልጋል። በአገራችን የተለመደው የዕርዳታ እህል ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ግራም ነው። የተሻሻለ ዝርያ ያላት እንቁላል ጣይ ዶሮ ግን በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ትፈልጋለች። አምስት እንዲህ ያሉ ዶሮዎች የተሰጡት ቤተሰብ በወር ከ16 ኪሎ ግራም ተኩል እስከ 18 ኪሎ ግራም መኖ ማቅረብ ይኖርበታል። ይህም ከአንድ ሰው የወር ቀለብ ይበልጣል። በዕርዳታ የሚኖር ቤተሰብ ከልጁ አፍ ነጥቆ ዶሮ አይቀልብም፤ እንዲቀልብም አይጠበቅበትም። ስለዚህ ዶሮዋ ትከሳለች፣ መጣሏን ታቆማለች፣ ትሸጣለች ወይም ትታረዳለች። ዕቅድ አውጪው በዚህ ሊቆጣ አይገባውም።

የአገር ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 የሚደርስ እንቁላል ብቻ ትጥላለች። የተሻሻለችው ሙሉ መኖ ካገኘች ከ250 በላይ ስለምትጥል በወረቀት ላይ ንጽጽሩ ለአገር ዶሮዋ አያደላም። ነገር ግን የአገር ዶሮ አብዛኛውን ምግቧን ጭራ ታገኛለች፤ ምስጡንና ትሉን፣ በአውድማ የቀረውን ፍሬና የቤቱን ፍርፋሪ ትለቅማለች። ከዚህም በላይ እንቁላሏን ራሷ ታቅፋ ትፈለፍላለች። ለእንቁላል ብቻ የተዳቀሉት ዝርያዎች ይህን ጠባይ ከሞላ ጎደል አጥተዋል። መኖና ጫጩት የሚያቀርብ ድርጅት በአቅራቢያው ለሌለው መንደር ገብስማዋም ወሰራዋም ከመጤዋ ይልቅ ትጠቅማለች የሚል አስተያየት አለን። የዕርዳታው ገንዘብ ለዝርያ ከሚውል ይልቅ ለክትባትና ለማደሪያ ቢውል ይመረጣል።

የዕለቱ እንክብካቤ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ጧት የዶሮው ቤት ሲከፈት አወጣጣቸውን መመልከት ይገባል። ጤነኛ ዶሮ ተሽቀዳድማ ትወጣለች፤ የታመመችው ላባዋን አቁማ ወደ ኋላ ትቀራለች። ከቆጡ ሥር ያለው ኩስ አረንጓዴ ወይም ደም የቀላቀለ ከሆነ በዚያው ቀን ለእንስሳት ጤና ረዳቱ ሊነገር ይገባል። ቀጥሎ ንጹሕ ውኃ በሰፊና ጥልቀት በሌለው ሸክላ ይቀርባል፤ ጫጩት እንዳይሰጥም በመካከሉ ጠጠር ይደረጋል። ለአንዲት የአገር ዶሮ በቀን ወደ 30 ግራም የሚሆን አጣሪ ወይም የተሰበረ ማሽላ ቢሰጣት ከጭረቷ ጋር ይበቃታል። ይህም ለአምስት ዶሮ በወር 4 ኪሎ ግራም ተኩል ነው። ግማሹን ጧት፣ ግማሹን ማታ ማደሪያቸው በር ላይ መበተን ዶሮዎቹ በሰዓቱ እንዲሰበሰቡ ያስለምዳቸዋል። በድርቅ ጊዜ ግን ምስጡም ፍሬውም ስለሚጠፋ ቁጥራቸውን አስቀድሞ መቀነስ፣ በተለይም ትርፍ አውራ ዶሮዎችን ዋጋቸው ሳይወድቅ መሸጥ ይበጃል።

ማደሪያው ከመሬት ከፍ ያለ፣ በሩ በደንብ የሚዘጋ መሆን አለበት። ሸለምጥማጥ ሌሊት፣ ጭልፊት ቀን አድፍጠው እንደሚጠብቁ እናቶች ከባለሙያ ይልቅ ያውቃሉ። ለ10 ዶሮዎች 1 ሜትር በ1 ሜትር ተኩል የሆነ ቤት ይበቃል። ወለሉ ኩስ የሚያሳልፍ ክፍተት ያለው እንጨት ቢሆን መጥረግ ይቀላል፤ የሚወድቀውም ኩስ ከሰነበተና ከበሰለ በኋላ ለጎመኑና ለቃሪያው ማዳበሪያ ይሆናል። በግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ መዥገር ስለሚደበቅ ስንጥቁን በጭቃ መምረግ፣ በጓሮውም ዶሮዎቹ የሚንከባለሉበት አመድ ማኖር ጠቃሚ ነው።

የላቀ ትኩረት የሚሻው የማስታቀፉና የጫጩቱ ጊዜ ነው። ለማስታቀፍ የሚመረጠው እንቁላል ከአንድ ሳምንት ያልበለጠው፣ ያልተሰነጠቀውና መካከለኛ መጠን ያለው ነው። እንቁላልን በእህል ውስጥ ማስቀመጥ ከሙቀት ስለሚጠብቀው መልካም ልማድ ነው። አንዲት ዶሮ ከ10 እስከ 12 እንቁላል በደንብ ትሸፍናለች፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ዳር ያሉት ይቀዘቅዛሉ። ጎጆዋ የጤፍ ጭድ የተነጠፈበት የተሰበረ ማድጋ ሊሆን ይችላል። በ7ኛው ቀን ምሽት እንቁላሉን በባትሪ ብርሃን ላይ አድርጎ ማየት ይቻላል። የደም ሥር የሚታይበት ሕይወት አለው፤ ጥርት ብሎ የሚታየው ይወገድ። በ21ኛው ቀን ጫጩቶቹ ይፈለፈላሉ።

ከዚህ በኋላ ያሉት 8 ሳምንታት የመንጋውን ዕድል ይወስናሉ። በተለመደው አያያዝ ከተፈለፈሉት ጫጩቶች ግማሽ ያህሉ በዚህ ጊዜ ያልቃሉ። ለአብነት ከ12 እንቁላል 10 ጫጩት ቢፈለፈል 5 ይቀራሉ፤ ከእነዚህ ግማሹ ወንድ ስለሚሆን ለቤተሰቡ የሚተርፈው ሁለት ወይም ሦስት ቄብ ነው። አንድ ጭልፊት በአንድ ሳምንት የዓመቱን ትርፍ ይወስዳል ማለት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት እናቲቱንና ጫጩቶቹን በግቢ ውስጥ አቆይቶ፣ ቀን በሰፊ ቅርጫት ወይም በተከለለ ሥፍራ ማዋል ተገቢ ነው። የቅርጫቱ ቀዳዳ ጫጩት የሚያሳልፍ፣ እናቲቱን ግን የማያሳልፍ ከሆነ መኖው ለጫጩቶቹ ብቻ ይደርሳል። የሚሰጣቸውም ደቅቆ የተፈጨ እህል ከጥቂት የኑግ ፋጉሎ ጋር ነው። መኝታቸው እርጥበት ካለው ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ስለሚይዛቸው ጭዱ ቶሎ ቶሎ ይለወጥ።

በዚህ ረገድ አንድ ልማድ ሳንጠቅስ አናልፍም። ዶሮ እንዳትታቀፍ በአፍንጫዋ ላባ መሰካት ወይም ቁልቁል ማንጠልጠል በብዙ ሥፍራ ይታያል። ወለሉ ክፍተት ባለው ሣጥን፣ ጭድ ሳይነጠፍላት፣ ምግብና ውኃ ሳይጓደልባት ሦስት ወይም አራት ቀን ብትቆይ ያለ ስቃይ ተመልሳ መጣል ትጀምራለች።

ጭልፊትና ብርድ ጫጩቱን ሲያጠፉ፣ ፈንግል መንጋውን በሙሉ ያጠፋል። በሽታው በድንገት ገብቶ ዶሮዎቹን ያፈዛል፣ አረንጓዴ ያስቀምጣል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ አንገት ያጣምማል፤ ያልተከተበ መንጋ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። መድኃኒት የለውም። ብዙ ጊዜ የሚነሣው በግንቦትና በሰኔ፣ ዝናብ ሊጀምር ሲል ነው። በዓል ሲቃረብ፣ ዶሮ ከገበያ ወደ ገበያ ሲጓዝም ይዛመታል። በሀብሩ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አብረው ስለሚኖሩ እርዱ ቢለያይም የቁም ዶሮውና የእንቁላሉ ገበያ አንድ ነው፤ በሽታውም በዚያው መንገድ ይሄዳል። በተለይ ሳትሸጥ ከገበያ የተመለሰች ዶሮ አደገኛ ናት። አዲስ የተገዛችውም ሆነች የተመለሰችው ለ14 ቀን ከመንጋው ተለይታ ትቀመጥ። የሞተው በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር እንጂ ለውሻ አይጣል።

ክትባቱ በአገር ውስጥ በቢሾፍቱ ይመረታል። ችግሩ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ፣ የተለመዱት ዓይነቶችም ቅዝቃዜ የሚሹ መሆናቸው ነው። አምስት ዶሮ ላላት አንዲት እናት ብልቃጥ መክፈት ስለማያዋጣ የመንደሩን ዶሮ በሙሉ በአንድ ማለዳ፣ ከቆጡ ሳይወርድ መከተብ ይሻላል። ሙቀትን በተሻለ የሚቋቋመው ክትባት በዐይን አንድ ጠብታ የሚሰጥ ሲሆን በየአራት ወሩ ይደገማል። በመጋቢት፣ በሐምሌና በኅዳር ቢደረግ የግንቦቱን ወረርሽኝ ይቀድማል። ክትባት ኀይል ለማግኘት ሁለት ሳምንት ያህል ስለሚፈልግ በሽታው ከገባ በኋላ ማዳረሱ ለታመሙት አይጠቅምም። በዚህም ምክንያት በግንቦትና በሰኔ ዶሮ ማደል የበጀት ዓመቱን ሒሳብ ለመዝጋት ቢመችም ለተረጂው አይበጅም። ከመስከረም አጋማሽ በኋላ፣ የተከተቡና ሁለት ወር ያለፋቸው ቄቦች ቢሰጡ አዝመራው ሲደርስ የሚለቅሙት አያጡም።

ሌላው በሥራ ላይ የሚታየው ስሕተት የምዝገባው ነው። ዶሮውን የምትጠብቀው፣ እንቁላሉን ሸጣ ጨው፣ ሳሙናና የልጆች ደብተር የምትገዛው እማወራዋ ናት። በመዝገብ የሚሰፍረው ግን የአባወራው ስም ነው፤ ለሥልጠና የሚጠራውም እርሱ ነው። ጥሪው በእርሷ ስም፣ ከውኃ በምትመለስበት ሰዓት፣ በደጇ አቅራቢያ ቢሆን የተነገረው ለሥራ ይውላል።

በየወሩ በሚላከው ዘገባ ላይ «የታደለ ዶሮ ብዛት» ከሚለው ዐምድ ጎን ሁለት ዐምዶች እንዲጨመሩ እናሳስባለን፤ አንደኛው ክትባት የተሰጠበት ቀን፣ ሁለተኛው 8 ሳምንት የሞላቸው ጫጩቶች ብዛት ይጻፍበት። ለቆጠራው የሚመቸው ሰዓት ምሽት፣ ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ ከወጡ በኋላ ነው።