የሚያፈስ የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ ቱቦን ስለ መጠገን

መኪና በመንደር ብዙ ሥራ አለው። እህሉን ወደ ገበያ፥ በሽተኛውን ወደ ሐኪም ቤት፥ መጽሐፉንም ወደ ትምህርት ቤት ያደርሳል። ነገር ግን ከጋራዥ ርቆ የሚሠራ መኪና ጥቂት ጉድለት ባገኘው ጊዜ ቶሎ ካልታየለት፥ ጥቂቱ ጉድለት ትልቅ ኪሣራ ይሆናል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። ስለዚህ በዚህ ትምህርት የፒክአፕ መኪና የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ ቱቦ ያፈሰሰ እንደ ሆነ እንዴት እንደሚጠገን እንመለከታለን።

1ኛ፤ የቱቦው ሥራ

ካምቢዮ የሞተሩን ኃይል ተቀብሎ ወደ ጎማዎቹ የሚያስተላልፍ የማርሽ ሣጥን ነው። ሹፌሩ ማርሹን በእጁ ሳይለውጥ መኪናው ራሱ የሚለውጥ የሆነ እንደ ሆነ፥ አውቶማቲክ ካምቢዮ ይባላል። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1939 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በኦልድስሞቢል መኪና ላይ ለገበያ የቀረበው ሃይድራማቲክ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ዛሬ በብዙ ፒክአፖች ላይ ይገኛል።

በዚህ ካምቢዮ ውስጥ ያለው ዘይት ሦስት ሥራ አለው። ማርሾቹን ያለሰልሳል፤ በግፊቱ ኃይልን ያስተላልፋል፤ ሙቀትንም ተሸክሞ ይወጣል። ሙቀቱ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ቢሆን ደኅና ነው። ከ120 ዲግሪ በላይ ሆኖ የቆየ እንደ ሆነ ግን ዘይቱ ቶሎ ይበላሻል። ስለዚህ በካምቢዮው ውስጥ ያለው ፓምፕ ዘይቱን በአንድ ቱቦ ወደ ራዲያተሩ ይልከዋል፤ ዘይቱም በዚያ ቀዝቅዞ በሁለተኛው ቱቦ ይመለሳል። እነዚህ ቱቦዎች አብዛኛው ክፍላቸው ብረት ሲሆን፥ በመካከላቸው ሞተሩ ሲነቃነቅ እንዳይሰበሩ የጎማ ቱቦ ይገባባቸዋል።

2ኛ፤ የሚያፈሰውን ሥፍራ ስለ መፈለግ

የካምቢዮ ዘይት ብዙ ጊዜ ቀይ ነው። የሞተር ዘይት ግን ቡናማ ወይም ጥቁር ነው፤ የራዲያተር ውሃም አረንጓዴ ወይም ሌላ ቀለም ኖሮት እንደ ዘይት አያሙለጨልጭም። ከመኪናው በታች ነጭ ካርቶን ቢያነጥፉ የሚንጠባጠበው ቀለሙ በግልጥ ይታያል።

ዘይቱ የወደቀበት ሥፍራ ግን ሁልጊዜ የፈሰሰበት አይደለም። መኪናው ሲሄድ ነፋሱ ዘይቱን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ አስቀድሞ ቱቦውን በጨርቅ አድርቆ፥ ሞተሩን አስነሥቶ ከፍ ካለውና ወደ ፊት ከሆነው እርጥብ ሥፍራ መጀመር ይገባል። ይኸውም ብዙ ጊዜ የጎማው ቱቦ ከብረቱ ጋራ የተጨመቀበት፥ ብረቱ ዝጎ የሳሳበት፥ ከሻንሲው ጋራ የተፋተገበት፥ ወይም ከራዲያተሩ ጋራ የተያያዘበት ነው።

3ኛ፤ ስለ ጥገናው

ሞተሩ ይጥፋ፤ ዘይቱም ይቀዝቅዝ፤ የጋለ ዘይት ሰውን ያቃጥላልና። ጎማዎቹ ፊትና ኋላ በድንጋይ ይታገዱ። መኪናው በክሪክ ብቻ ተሰቅሎ ሳለ ማንም ከሥሩ አይግባ፤ ጠንካራ ድጋፍ ይደረግለት። የሚፈሰውንም የሚቀበል ዕቃ ይቀመጥ።

ቱቦው ከራዲያተሩ ጋራ የተያያዘበትን ዳዶ ሲፈቱ ሁለት መፍቻ ያስፈልጋል። በአንዱ የራዲያተሩን መያዣ አጥብቆ ይዞ፥ በሁለተኛው ዳዶውን ማዞር ነው፤ በአንድ መፍቻ ብቻ የታገሉ እንደ ሆነ ራዲያተሩ ይሰነጠቃል። ዳዶ በሌላቸው መኪናዎች ግን ቱቦው በትንሽ የሽቦ ቅንጥብ የተያዘ ስለ ሆነ፥ ቅንጥቡን በጥንቃቄ ማውጣትና ጎማ ቀለበቱን መለወጥ ያስፈልጋል።

የጎማው ቱቦ የፈሰሰ እንደ ሆነ፥ ለካምቢዮ ዘይት ተብሎ በተሠራ ቱቦ ይለወጥ። የውሃ ጎማ ዘይት ሲነካው ያብጣል፥ ይፈርሳልም። አዲሱ ቱቦ የብረቱን ጫፍ ከንፈር አልፎ 2.5 ሴንቲሜትር ያህል ይግባ፤ ፋሼታም ከከንፈሩ በስተኋላ ይጥበቅ። ከንፈር በሌለው ለስላሳ ብረት ላይ ቱቦን በፋሼታ ብቻ ማሠር ግን አይገባም፤ ግፊቱ ይነቅለዋልና። የብረቱ ቱቦ የዛገ እንደ ሆነ ሙሉውን መለወጥ ይሻላል። መዳብ ይህን የሞተር ንዝረት አይችልም።

4ኛ፤ ስለ መሙላትና ስለ መፈተን

ዘይቱ የመኪናው መጽሐፍ የሚያዝዘው ዓይነት ይሁን፤ ሁሉ ቀይ ቢሆንም ሁሉ አንድ አይደለምና። መኪናው በለጥ ባለ መሬት ላይ ቆሞ፥ መጽሐፉ እንደሚያዝዘው እየለኩ ጥቂት በጥቂት ይጨመር። ከመጠን ያለፈ ዘይት አረፋ ያወጣል። መለኪያ ዘንግ የሌለው መኪና ግን ለባለ ሙያ ይተው።

ከዚህ በኋላ ሞተሩ 10 ደቂቃ ያህል ይሥራ፤ የተጠገነውም ሥፍራ በደረቅ ጨርቅ ይፈተሽ። ጥቂት መንገድ ከተሄደ በኋላም እንደ ገና ይታይ።

5ኛ፤ ማስጠንቀቂያ

ዘይቱ በጋለው የጢስ ማውጫ ላይ የተረጨ እንደ ሆነ እሳት ሊያነሣ ይችላል። ዘይቱ አልቆ ማርሹ የተንሸራተተ እንደ ሆነም መኪናው ይቁም እንጂ አይነዳ። የሚነዱትን ጎማዎች መሬት ላይ አድርጎ መጎተትም አይገባም፤ ሞተሩ በቆመ ጊዜ ፓምፑ አይሠራምና ካምቢዮው ያለ ዘይት ይዞራል። ዘይቱ እንደ ወተት ያለ ቀለም የያዘ እንደ ሆነ፥ ጉድለቱ ከቱቦው ሳይሆን ራዲያተሩ በውስጥ ተቀድዶ ውሃ ከዘይቱ ጋራ ተቀላቅሎ ነውና ወደ ባለ ሙያ ይወሰድ። የፈሰሰው አሮጌ ዘይትም በእርሻና በወንዝ አይፈስስ፤ በዕቃ ይጠራቀም።

ጥያቄ

1. በካምቢዮ ውስጥ ያለው ዘይት ሦስቱ ሥራዎች ምንድር ናቸው?
2. ዘይቱ የወደቀበት ሥፍራ የፈሰሰበት ላይሆን የሚችለው ስለ ምንድር ነው?
3. የራዲያተሩን ዳዶ ለመፍታት ሁለት መፍቻ የሚያስፈልገው ለምንድር ነው?
4. ዘይት ያለቀበትን መኪና የሚነዱት ጎማዎች መሬት ነክተው ሳሉ መጎተት ለምን ይጎዳዋል?