ረጃጅም የጣሊያንኛ ቃላትን ቆርሶ መናገር

የዛሬው ትምህርታችን በመሥሪያ ቤት መስኮት ፊት ምላስ ስለሚያስሩ ረጃጅም ቃላት ነው።

ሮም ውስጥ ቪያ ኩርታቶኔ በሚገኝ ሕንፃ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አብዛኞቹ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን የሆኑ ስደተኞች ይኖሩ ነበር። ኦገስት 19 ቀን 2017 ፖሊስ አስወጣቸው። በ2014 የወጣ ሕግ ያለፈቃድ በተያዘ ቤት «ሬሲዴንጻ» ማለትም የነዋሪነት ምዝገባ እንዳይደረግ ይከለክላል። ዜግነት ለመጠየቅ የሚቆጠረው ዘመን፣ ጥገኝነት ላገኘ ስደተኛ 5 ዓመት፣ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለመጣ ሌላ ሰው በአብዛኛው 10 ዓመት፣ የሚታየው በዚህ ምዝገባ ነው። ስለዚህ ቃሉን አጥርቶ መስማትና መናገር ጥቅሙ ብዙ ነው።

1. ቃሉን ይቁረጡ። እያንዳንዱ ቁራጭ አንድ አናባቢ ይይዛል፤ ኩር–ታ–ቶ–ኔ።

2. አንዱን ቁራጭ ጠንከርና ረዘም ያድርጉ። ብዙውን ጊዜ ከመጨረሻው ሁለተኛው ነው። በጥቅስ ምልክት አሳይተናል፦ ኩር–ታ–«ቶ»–ኔ፤ ሬ–ሲ–«ዴን»–ጻ፤ ለነጋዴዎች ደግሞ ፓር–«ቲ»–ታ «ኢ»–ቫ (የግብር ከፋይ ቁጥር)።

3. ከደንቡ የሚወጡትን በቃል ይያዙ። ነዋሪነት የሚመዘገብበት ክፍል አ–«ና»–ግራ–ፌ ነው እንጂ አ–ና–«ግራ»–ፌ አይደለም። የግብር መለያው «ኮ»–ዲ–ቼ ፊ–«ስካ»–ሌ ነው። ጣሊያኖች የጫና ምልክት የግድ የሚጽፉት ጫናው በረጅም ቃል መጨረሻ ላይ ሲወድቅ ነው፤ «ቺታ» (ከተማ) እንደሚለው። ለሌሎቹ ጆሮዎን ይመኑ።

4. ማጥበቅን አይርሱ። እኛ «ገና» ሲላላ «ገና አልመጣም»፣ ሲጠብቅ የልደት በዓል እንደምንለው፣ እነርሱም «ካሳ» ሲላላ ቤት፣ ሲጠብቅ የሱቅ ገንዘብ መቀበያ ይላሉ። የእኛ ፊደል ይህን አያሳይም፤ የእነርሱ ግን ፊደሉን ደግሞ ይጽፋል። የመኖሪያ ፈቃዱም ፔር–«ሜስ»–ሶ ዲ ሶጅ–«ጆር»–ኖ ነው።

አሁን መስኮቱ ጋ እንደቆሙ አድርገው ጮክ ብለው ይበሉ፦ ቮር–«ሬይ» «ኪዬ»–ዴ–ሬ ላ ሬ–ሲ–«ዴን»–ጻ። ትርጉሙ «ነዋሪነት ለመመዝገብ እፈልጋለሁ» ነው።

መልመጃ፦ ዜግነት ማለት የሆነውን «ቺታዲናንጻ»ን ራስዎ ይቁረጡ። መልሱ ቺት–ታ–ዲ–«ናን»–ጻ ነው። ካገኙት፣ ነገ ወረፋ ላይ ለቆመ ወገንዎ ያስተምሩ።