የሶላር መብራቱን ይዘው መንገድ ከመውጣትዎ በፊት

መንዝ ውስጥ የጥገና ዋጋ ጠጋኙ የሚጠራው ብር ብቻ አይደለም። ከሞላሌ ገጠር ወይም ከግሼ ራቤል የተነሣ ሰው መሐል ሜዳ፣ አንዳንዴም ደብረ ብርሃን ድረስ ዕቃውን ተሸክሞ ይሄዳል። ትራንስፖርቱ፣ ሥራ የተፈታበት ቀን፣ «መለዋወጫ የለም፣ ሌላ ቀን ና» ሲባል ዳግም መመላለሱ ሁሉ ከሂሳቡ ይገባል። ስለዚህ ይሠራ ወይስ ይቅር የሚለውን እዚያው ቤትዎ ሆነው ይወስኑ።

1. መበላሸቱን ያረጋግጡ። እዚህ ላይ አይቸኩሉ። የሊቲየም ባትሪ ሲበርደው ይደክማል፣ ሲሞቅ ይመለሳል፤ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ደጅ ያደረ መብራት ሞቷል ብለው አይፍረዱ። ቤት ውስጥ አሳድረው፣ ፓኔሉን በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው፣ ጥርት ባለ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ቻርጅ ያድርጉት። በሐምሌና በነሐሴ ደመና የተገኘ ውጤት አያስተማምንም። ሽቦውን ከሶኬቱ ሥር ቀስ አድርገው ያወዛውዙ፤ ብልጭ ካለ ጥፋቱ እዚያ ነው። አክስቴ አንድ ቀን ሙሉ ተጉዘው ያስጠገኑት መብራት፣ ችግሩ ይኸው የላላ ሽቦ ነበር። ባትሪው ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ከተደረገ ደግሞ ውስጡ በማይመለስ መልኩ ይጎዳል፤ ጠዋት አመዳይ ሳይረግፍ ፓኔሉን ቢያሰጡም መብራቱን ከቤት አያውጡ።

2. የቱ ክፍል እንደሞተ ይለዩ። ሽቦ፣ ማብሪያ፣ ሶኬትና ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ መለወጥ ያዋጣቸዋል። ቦርዱ ከተቃጠለ ወይም ውሃ ገብቶት ከዛገ ግን እኔ ገንዘቤን አላወጣበትም፤ ዛሬ ተነሥቶ ከወር በኋላ ሊመለስ ይችላል። ትልቁ ባለ 12 ቮልት የአሲድ ባትሪ በቴስተር ይለካል፦ ሞልቶ ካረፈ 12.7 አካባቢ ያሳያል። በደንብ ሞልቶ ሳለ አምፖል ሲበራበት ወዲያው ከ10.5 በታች ከወረደ አብቅቶለታል።

3. የዋስትና ወረቀቱን ይፈልጉ። ጥራታቸው የተረጋገጠ ትንንሽ የሶላር መብራቶች ቢያንስ 1 ዓመት፣ ሙሉ የቤት ሶላሮች 2 ዓመት ዋስትና አላቸው። ጊዜው ካላለፈ ዕቃውን ሳያስከፍቱ ወደ ሻጩ ይውሰዱት።

4. ወጪውን በወር ያካፍሉ። ቁጥሩ ለማስያ ያህል ነው፦ አዲሱ መብራት 3,000 ብር ቢሆንና 3 ዓመት ቢያገለግል በወር 83 ብር ይደርሳል። የአሮጌው ባትሪ 600፣ የእጅ 200 ቢሆንና 1 ዓመት ቢያገለግል በወር 67 ብር ነው፤ መጠገኑ ያዋጣል። ለዚህ ብቻ ብለው 300 ብር ትራንስፖርት ከከፈሉ ግን 92 ብር ይመጣል፤ ያው ጥገና ኪሳራ ሆነ። በግ ለመሸጥ ወይም ጤፍ ለመሸመት በሚወጡበት የገበያ ቀን ይዘውት ከሄዱ እንደገና ያዋጣል። እስከዚያ በኩራዝ የሚነደውን ላምባ ግን አይርሱ፤ ገበያው ከራቀና ልጅ የሚያጠና ካለ እኔ አልጠብቅም።

5. ጠጋኙን ሳይከፍተው ያነጋግሩት። የመለዋወጫውንና የእጁን ዋጋ ለየብቻ ይጥራ። ካልሠራ ይከፈል እንደሆነ፣ ባትሪው አዲስ ይሁን ወይም ከሌላ ዕቃ የወጣ፣ ስንት ቀን እንደሚያስተማምን ይጠይቁ። የተለወጠውን አሮጌ ክፍልም አሳየኝ ይበሉት፤ ጎበዝ ባለሙያ በዚህ አይቀየምም።

6. አይሠራም ከተባለ ፓኔሉን ያስቀምጡ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከባትሪው ዕድሜ እጅግ ይልቃልና ቮልቱ ለሚስማማ ሌላ መብራት ይሆናል። ያበጠውን ባትሪ ግን አይብሱት፣ ልጆች አይጫወቱበት፣ ከኩበቱ እሳት አጠገብም አይድረስ።