በቦዦሌ ገበያ ዋጋ ያወረደው ጥራት ሳይሆን ስም ነው

የፈረንሳይ ቀይ ወይን ጠጅ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው ወፍራሙንና ውዱን የቦርዶ ወይን ነው። ይሁን እንጂ ብርዱ አልፎ ከመጋቢት እስከ ሰኔ ባለው የፀደይ ወቅት በፈረንሳይ ገበታ ላይ ተፈላጊ የሚሆነው ቀለል ያለው ቀይ ወይን ነው። የዚህ ወይን ዋና መገኛ ከሊዮን ከተማ በስተሰሜን ያለው የቦዦሌ አካባቢ ሲሆን፣ የዋጋው ታሪክ ለጠጪው ብቻ ሳይሆን ለነጋዴውም ትምህርት ይሰጣል።

ወጪው የቀነሰው ከየት ነው?

ቀይ ቦዦሌ የሚጠመቀው ጋሜ ከተባለ የወይን ዝርያ ነው። ጋሜ ቶሎ ይደርሳል፣ ብዙም ያፈራል። የቡርጎኝ መስፍን የነበሩት ፊሊፕ እ.ኤ.አ. በ1395 ተክሉ መጥፎ ነው ብለው ከግዛታቸው እንዲነቀል አዘዙ። በቦዦሌ ኮረብታዎች ያለው የግራናይት አፈር ግን ተስማማው።

አጠማመቁም ወጪ ይቆጥባል። ዘለላው ሳይጨመቅ በተዘጋ ጋን ውስጥ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ታፍኖ ይብላላል። በዚህ ዘዴ የፍሬው መዓዛ በደንብ ሲወጣ፣ እንደ ወፈረ ሻይ አፍ የሚይዘው ታኒን ግን ያንሳል። አብዛኛው ቦዦሌ አዲስ የኦክ እንጨት በርሜልም አያስፈልገውም። ስሌቱ ቀላል ነው፤ 225 ሊትር የሚይዝ በርሜል 300 ጠርሙስ ይሞላል። በርሜሉ 900 ዩሮ ተገዝቶ ለአንድ ዙር ብቻ ቢያገለግል በእያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ 3 ዩሮ ይጨምራል። ቦዦሌ ከዚህ ወጪ ነፃ ነው፤ ካፒታሉም ለዓመታት ታስሮ አይቀመጥም።

የፈጣን ሽያጭ መዘዝ

ለመሆኑ ስሙን ምን አረከሰው? በተለቀመ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሚሸጠው «ቦዦሌ ኑቮ» እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ በኖቬምበር ወር ሦስተኛው ሐሙስ ለገበያ ይለቀቃል። ወይኑ እስከ ጃፓን ድረስ ተፈላጊ ሆነ፤ አምራቹም ፈጣን ጥሬ ገንዘብ አገኘ። ዳሩ ግን ገዢው ቦዦሌ የሚለውን ስም በሙሉ ከዚህ ለጋ ወይን ጋር አያያዘው። ፋሽኑ ሲያልፍ ጉዳቱ ደህና ወይን ለሚጠምቁት ጎረቤቶችም ተረፈ።

መለያ ወረቀቱን ማንበብ

ደረጃው ሦስት ነው። ከታች ተራው ቦዦሌ፣ ቀጥሎ ቦዦሌ-ቪላዥ፣ ከላይ ደግሞ «ክሩ» የሚባሉት 10 አካባቢዎች ይገኛሉ። የክሩዎቹ መለያ ወረቀት ብዙውን ጊዜ የሚጽፈው የአካባቢውን ስም እንጂ ቦዦሌ የሚለውን አይደለም። ስለዚህ ስሞቹን የማያውቅ ገዢ አልፏቸው ይሄዳል።

ለፀደይ የሚስማሙት ሺሩብል፣ ፍለሪ፣ ብሩዪ እና እ.ኤ.አ. በ1988 ከሌሎቹ በመጨረሻ ደረጃውን ያገኘው ሬኜ ናቸው። ሞርጎንና ሙላን-አ-ቫን ጠንከር ስለሚሉ ጥቂት ዓመት ቢቀመጡ ይሻላል። የክሩ ዋጋ ከተራው ከፍ ቢልም፣ ታዋቂ ከሆኑት የቡርጎኝ መንደሮች ቀይ ወይን ጋር ሲነጻጸር ብዙውን ጊዜ ከግማሽ በታች ነው።

ሌላ አማራጭ ለሚፈልግ ከሏር ሸለቆ በካበርኔ ፍራን የሚጠመቁት ሺኖንና ሶሙር-ሻምፒኚ አሉ። ቡርጎኝ ፓስ-ቱ-ግራን ደግሞ ጋሜን ከውዱ ፒኖ ኑዋር ጋር ቀላቅሎ በመጠነኛ ዋጋ ያቀርባል።

ገዢው የአልኮሉንም መጠን ይመልከት። ሞቃት ዓመት የፍሬውን ስኳር ስለሚያበዛ ወይኑ ይከብዳል፤ ቀለል ያለውን ለሚሻ ከ13 በመቶ ያልዘለለው ይመረጣል። ከመቅረቡ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ፍሪጅ ውስጥ ቢቆይና ወደ 13 ዲግሪ ቢወርድ ጣዕሙ ይጎላል።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንዲሉ፣ ቦዦሌ በፈጣን ሽያጭ ያጎደፈውን ስም ለማደስ ረጅም ጊዜ ፈጅቶበታል። እስኪታደስ ድረስ ትርፉ መለያ ወረቀቱን አንብቦ ለሚገዛ ሰው ነው።