ደስታና ትካዜ በአንድ ሸክላ

ደስ የሚያሰኝ ዘፈን ስለ ምን ልብን ያስተክዛል? የእንግሊዛዊቱ የቫሽቲ በንያን የመጀመሪያ ሸክላ ምሳሌ ነው። ቫሽቲ እ.ኤ.አ. በ1968 ከወዳጇ ጋር በፈረስ ጋሪ ወደ ስኮትላንድ ደሴቶች ተነሣች፤ ዘፋኙ ዶኖቫን በዚያ በገዛው መሬት ላይ ከሌሎች አርቲስቶች ጋር በማኅበር ለመኖር አስባ ነበር። በመንገድም ስለ ማሳው፥ ስለ ፀሐዩና ስለ ፈረሷ እንደ እሹሩሩ የለሰለሱ ዘፈኖች ደረሰች። ከስፍራው ስትገባ ግን ማኅበርተኞቹ ተበትነው ነበር። ሸክላው በ1970 ወጥቶ ገበያ ስላጣ ሙዚቃን ተወች፤ በ2000 እንደ ገና ሲታተም ግን ብዙ ወዳጅ አገኘ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ትካዜው ከቃሉ አይደለም፤ ዜማው ተስፋ ሲያደርግ ሰሚው ፍጻሜውን ስለሚያውቅ ነው። ቢሆንም ካሰቡት ያላደረሰ መንገድ ሁሉ ከንቱ አይባልም።